ብረት መጥበሻም እንደ ምጣድ ይሟሻል

እህቴ ከጅዳ ስትመለስ ሻንጣዋ ከሌላ ጊዜው ይከብድ ነበር። ደሴ ቤታችን ተሰብስበን ሽቶና ጨርቅ ስንጠብቅ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ጥቁር መጥበሻ ወጣ። የምትሠራበት ቤት ማዳም ስትሸኛት የሰጠቻት ነው። እናቴ በሁለት እጇ አነሳችውና "ልጄ፣ እኛ አገር ድንጋይ ጠፍቶ ነው በአውሮፕላን የጫንሽው?" አለቻት።

የዚያኑ ዕለት ማታ ጥብስ ጠበስንበት። ስጋው ተጣበቀ። እኔም የተጣበቀው ይለቅ ብዬ ውኃ ሞላሁበትና ተኛሁ። ጠዋት ውኃው የሻይ መልክ ይዟል። አፈሰስኩት፣ አጠብኩት፣ እርጥቡን መደርደሪያ ላይ ደፋሁት። ወሩ ሐምሌ ነው። የደሴን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ሳያንኳኳ ቤት ይገባል። በሦስተኛው ቀን ሳነሳው ቀይ አፈር የተነሰነሰበት መስሏል።

በቃ ተበላሸ ብዬ ለቆራሌው ላስቀምጠው ነበር። እናቴ ዝገቱን በጣቷ አሸት አድርጋ አየችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ለመሆኑ ይሄ ነገር ተሟሽቷል?"

ከዚያ በኋላ መጥበሻው ስለተሠራበት ብረት፣ ስለ ካስት አይረን፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ዞሬ ዞሬ የደረስኩት ግን እዚያችው ጥያቄ ላይ ነው። ሌላው አገር በብዙ ገጽ ለሚያብራራው ነገር እኛ አንድ ቃል አለን፤ ማሟሸት። ምጣድ ያሟሸ ሰው ብረት መጥበሻ ማሟሸት አያቅተውም።

መጀመሪያ ግን ዕቃውን እንወቀው

ካስት አይረን ማለት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። ቀጥቃጭ በመዶሻ የሠራው ወይም ከላሜራ ተቆርጦ የታጠፈ አይደለም። መቅደላ ላይ ያለውን ሴባስቶፖልን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ያ መድፍ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። በእርግጥ እሱ ነሐስ ነው፣ ይሄኛው ብረት። ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል። የእህቴ መጥበሻ፣ እናቴ እንደምትለው፣ ከሱ ትንሽ ይቀንሳል።

ብረቱ ውስጥ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ካርቦን አለ። ጠባዩን ሁሉ የሚወስነው ይሄ ካርቦን ነው። ንጹህ ብረት የሚቀልጠው 1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲሆን፣ ካርቦን የበዛበት ግን 1200 አካባቢ ይበቃዋል። ስለዚህ ማፍሰስ ይቀላል። ቻይናዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምረው ያፈስሱት ነበር። እንግሊዝ አገር አብርሃም ዳርቢ የሚባል ሰው በ1707 እ.ኤ.አ. የብረት ድስትን በአሸዋ ቅርጽ ማፍሰስ የሚያስችል ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት፣ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ብረት ድስት የተራ ሰው ዕቃ ሆነ። ዛሬም ብረት መጥበሻ የሚሠራው ሎጅ የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። አሠራሩ እስካሁን ብዙ አልተለወጠም።

ካርቦኑ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ዕቃው ተሰባሪ ነው። ላሜራ ሲወድቅ ይጎብጣል፤ ካስት አይረን ሲወድቅ ይሰነጠቃል። ሲግል ቀዝቃዛ ውኃ ቢደፋበትም እንደዚያው።

ስለ ሙቀቱ ብዙ ሰው የተሳሳተ ግምት አለው። ብረት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአልሙኒየም ወደ አራት እጥፍ በሚሆን ዝግታ ነው። እሳቱ የነካው ቦታ ቀድሞ ይግላል፣ ዳሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ጥዶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መታገስ ያስፈልጋል። አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን በቀላሉ አይለቅም። ቀዝቃዛ ስጋ ሲገባበት አይደነግጥም። ስስ አልሙኒየም ላይ ጥብስ ውኃ አውጥቶ ወጥ የሚሆነው፣ ዕቃው ስጋው ሲነካው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነው።

ስትገዙ

እኛ ጋ ብረት ምጣድ የሚባለው፣ ቆሎና ቡና የሚቆላበት፣ አብዛኛው ከላሜራ የተሠራ ነው። መጥፎ ዕቃ አይደለም። ማሟሸቱም ለሱ ይሠራል። ካስት አይረን አይደለም እንጂ። በካስት አይረን ዋጋ ሲሸጥላችሁ ግን ዝም አትበሉ።

መለየቱ አይከብድም። አሮጌ ስፒከር ውስጥ ያለች ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ጥቁር ቀለም የተቀባ አልሙኒየም ከሆነ አትጣበቅም። ከተጣበቀች ብረት ነው፤ ላሜራ ይሁን ካስት አይረን ግን ማግኔቷ አትነግራችሁም። እሱን ዓይንና እጅ ይጨርሱታል። ካስት አይረን ወፍራም ነው፤ ጠርዙን ስታዩት ከላሜራ እንደሚወፍር ያስታውቃል። እጀታው ከገላው ጋር አብሮ የፈሰሰ ነው እንጂ በብሎን ወይም በብየዳ የተያያዘ አይደለም። 26 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ያለው መጥበሻ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ክብደቱን ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ቤታችሁ ስላለችው ሴት እጅ አስቡ። ባዶውን አንስቶ "ምንም አይልም" ማለት ቀላል ነው። ሙሉ ጥብስ ይዞ፣ ግሎ፣ በአንድ እጅ ሲነሳ ሌላ ነገር ነው። ከፊት ለፊት ትንሽ ሁለተኛ መያዣ ያለው ከሆነ እሱን ምረጡ። እኔ 30 ሳንቲ ሜትር ይሻላል ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አላጣም፤ የሚከራከረኝ ሰው ግን ዕቃ አጥቦ አያውቅም።

ያገለገለ ዕቃ አትናቁ። ሁለተኛውን መጥበሻችንን ያገኘሁት ቆራሌው ጋሪ ላይ ነው። ዝገት በልቶት ከአሮጌ ፔዳልና ከቧንቧ ጋር ተደባልቋል። እጀታውን በሁለት ጣት አንጠልጥዬ በቁልፍ መታ አደረግኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ እንደ ትንሽ ደወል። ስንጥቅ ያለበት ብረት እንደዚያ አይጮህም፤ ድፍን ያለ፣ የሞተ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ዝገት ይታጠባል፣ ይጠራል። ስንጥቅ ግን መድኃኒት የለውም። ቀጥሎ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጠርዙን ተጫንኩት። አልተወዛወዘም። የሚወዛወዝ ቢሆን ለከሰል ግድ የለም፣ ኤሌክትሪክ ስቶቭ ላይ ግን ግማሹ ሳይግል ይቀራል።

የገጹ ልስላሴ ብዙ ያከራክራል። ዱሮ የተሠሩት ከፈሰሱ በኋላ ውስጣቸው ይላግ ነበር። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ እንደ አሸዋ ቆርፈድ ይላሉ። እኔን አያስጨንቀኝም። ቆርፋዳው ከጊዜ ጋር ይሞላል።

ከላሜራ የተሠራ ብረት ምጣድ የምትገዙ ከሆነ ግን አንድ ነገር አደራ። ነጣ ብሎ የሚያብለጨልጭ፣ ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ለምግብ አይሆንም። ሲግል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። ቀለም ወይም ኬሚካል ከነበረበት በርሜል የተቆረጠውንም ተዉት። ሻጩን "ምን ነበረበት?" ብላችሁ ጠይቁት።

ውስጡ እንደ ሲኒ የሚያብለጨልጭ፣ ኢናሜል የተቀባም አለ። እሱ አይዝግም፣ አይሟሽም፣ ወጥ ቢያድርበትም ግድ የለውም። ባዶውን እንዳታግሉት ብቻ።

ማሟሸት ማለት ምንድነው?

እናቴ አዲስ ሸክላ ምጣድ ስታሟሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቀስ አድርጋ ታግለዋለች። የተወቀጠ ጎመንዘር ትበትንበታለች። ጨርቅ ጠቅልላ ከመሐል ወደ ዳር እያዞረች ታሸዋለች። ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል፣ እኛ እያስነጠስን እንወጣለን። የከሰለውን ትጠርግና እንደገና ትበትናለች። ምጣዱ ከቀይ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር ይሄዳል። በመጨረሻ ማብራት ይጀምራል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ተቦጭቃ ብትወጣ ማንም አይደነግጥም፤ የምጣድ ማሟሻ ናት።

እዚህ ውስጥ የሚሠራው ጎመንዘሩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ዘይት በደንብ ሲግልና አየር ሲያገኝ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ተያይዘው ተያይዘው ፈሳሽነታቸው ያልቅና ደረቅ ቆዳ ይሆናሉ። ኬሚስቶች ፖሊመር ይሉታል፤ ፕላስቲክም የዚያው ቤተሰብ ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ አለ። የዘይት ጀሪካኑን ክዳን ዙሪያ ተመልከቱ። ቢጫ ሆኖ የተጣበቀ፣ ላርጎ የማይበግረው፣ በጥፍር ካልሆነ የማይነሳ ነገር ታገኛላችሁ። ያ ዘይት ነበር። አሁን ዘይት አይደለም። ማሟሸት ማለት ያንን ነገር ሆን ብሎ፣ ስስ አድርጎ፣ ብረቱ ላይ ማብቀል ነው።

ይሄ ከገባችሁ ቀሪው ሁሉ ራሱን ያስረዳል። የትኛው ዘይት ይሻላል የሚለውም ጭምር።

ዘይት ሁሉ እኩል አይያያዝም። የሚያያዝበት "እጅ" የበዛለት አለ፣ ያነሰለትም አለ። ቀላሉ መለያ ደሴ ብርድ ላይ ነው። የረጋ ዘይት የምንለውን የፓልም ዘይት ጠዋት ጀሪካኑን ክፈቱት፤ እንደ ቅቤ ጠጥሯል። የኑግ ዘይት ግን በዚያው ብርድ ፈሳሽ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የሚረጋው እጁ ጥቂት ነው፤ ለማሟሸት ሰነፍ ነው። የማይረጋው እጁ ብዙ ነው። ቅቤማ ከፓልምም ይብሳል፤ በዚያ ላይ ውኃና የወተት ዝቃጭ አለበት። ለጥብሱ አስቀምጡት።

ተልባ ከሁሉም በላይ እጅ አለው። ሠዓሊዎች የዘይት ቀለም የሚያደርቁት በሱ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔቱ "ተልባ፣ ተልባ" ይላል። ሞክሬዋለሁ። በጣም ጠንካራ፣ በጣም የሚያምር ጥቁር ወጣው። ሁለት ወር ሳይሞላው እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም እየተላጠ ሽሮዬ ውስጥ ገባ። ይሄ የኔ ብቻ አይደለም፤ የተልባ ሽፋን ጠንካራ ቢሆንም ስለሚሰባበር ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነው። የኔ ምርጫ ኑግ ነው። ከግማሽ በላዩ ቶሎ የሚያያዘው ዓይነት ዘይት ነው፣ እንደ ተልባም አይሰባበርም። ከመጭመቂያ ቤት በቀጥታ የገዛችሁት ከሆነ ዝቃጩ እስኪወርድ አሳድሩት፣ ከዚያ በጨርቅ አጥልሉት። ሱፍም ጥሩ ነው።

በአትክልት ዘይት ማሟሸት እኛ አገር ሌላም ጥቅም አለው። ወሎ ውስጥ ግቢ ሲጋሩ ሙስሊምም ክርስቲያንም አብሮ አለ፣ ዕቃ መዋዋስም አለ። የስጋ ዕቃ ለብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ማንንም አያስቀይምም። ስለዚህ የእህቴ መጥበሻ የጥብስ ሆነ። ከቆራሌው የገዛሁትን ደግሞ በኑግ አሟሽቼ ስጋና ቅቤ እንዳይነካው አደረግኩ። እኛ ቤት በረመዳን የምስር ሳምቡሳ ይጠበስበታል። ፍልሰታ ሲገባ ጎረቤታችን እትዬ ትወስደዋለች። ከወሰደችበት ጠቁሮና ለስልሶ ነው የሚመለሰው። ዘይት ውስጥ የሚጠበስ ነገር ሁሉ ትንሽ በትንሹ ያሟሸዋልና፣ በኪራይ እንደሰጠሁት እቆጥረዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራው

አዲስ ዕቃ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ሰም ወይም ዘይት ይቀባል፤ ወይም "የተሟሸ ነው" ተብሎ ይሸጣል። ተብሎ ነው። ለጅምር ያህል ነው እንጂ አይበቃም። በሙቅ ውኃና በላርጎ እጠቡት። ጥረጉት። ከዚያ እሳት ላይ አስቀምጡት፤ ጨርቅ የማያወጣው እርጥበት በዚያ ይወጣል።

ለብ ብሎ እያለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት አፍስሱና ውስጡን፣ ውጪውን፣ እጀታውን ሁሉ ቀቡ። ቀጥሎ ያለው ነው ሰው የሚሳሳትበት። ሌላ ደረቅ ጨርቅ ያዙና ዘይቱን በሙሉ ጥረጉት። በሙሉ ስል በሙሉ። እናቴ እኔን ስታይ "ቀብተሽ ተጸጸትሽ እንዴ?" አለችኝ። በትክክል እንደዚያ ነው። ጣታችሁን ስታሳልፉበት መንገድ ከሠራ ገና ብዙ ነው። የማይታየው ስስ ዘይት ብረቱ ላይ ይቀራል፣ እሱ ይበቃል። ዘይት ካበዛችሁ አይደርቅም፤ የሚያጣብቅ ማር ይሆናል፣ ከሰነበተም ይሸታል። "ብረት መጥበሻ ሞክሬ ተጣበቀብኝ" የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ያደረጉት ይሄንን ነው።

ከዚያ ሙቀት። የሚፈለገው ከ200 እስከ 250 ዲግሪ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ኦቨን ያለው ሰው ደፍቶ ያስገባዋል። ኦቨን የሌለው እንደኔ ዳቦ ቤት ይሂድ።

ሰፈራችን ያለው ዳቦ ቤት ማታ የመጨረሻውን ዳቦ ካወጣ በኋላ ምድጃው ገና ትኩስ ነው። መጥበሻውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ይሄን ላስገባልዎት?" አልኩ። ጋጋሪው ገልበጥ አድርጎ አየውና "እርሾ አለው?" ብሎ ሳቀብኝ። አስገባው። ጠዋት ስመለስ ቀይ ቡናማ ሆኖ ጠበቀኝ። እዚያው ቀባሁ፣ ጠረግኩ፣ ማታ እንደገና ገባ። በሁለተኛው ቀን የተቆላ ቡና መሰለ። በአራተኛው ቀን ጥቁር ነበር፤ ጋጋሪውም የራሱን የዳቦ ጣሳዎች ይዞ ስለ ኑግ ዘይት ይጠይቀኝ ጀመር። ከሦስት እስከ ስድስት ዙር ይበቃል። በአንድ ቀን በወፍራሙ ለመጨረስ መሞከር ግን ከላይ ያልኩትን ማር ያመጣል።

ከሰል ላይም ይሆናል፣ ትዕግሥት ነው እንጂ። ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ፍሙን በሰፊው ዘርጉት። መጥበሻውን ሁለት የብረት ዘንግ ላይ ደፍታችሁ ከላይ በአሮጌ ጥልቅ ድስት ሸፍኑት፣ ሙቀቱ እንዲከበው። ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ ጭሱ ይነግራችኋል። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ስስ ጭስ ይጀምራል፤ ዘይቱ ሥራ ላይ ነው። ጭሱ ሲቆም ዙሩ አልቋል። በግምት ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። እዚያው ይቀዝቅዝ። ይሄ ሁሉ ደጅ ነው የሚሠራው። ብርድ ነው ብሎ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው እንደሚገድል ለደሴ ሰው አይነገርም፤ ግን በየክረምቱ ይረሳል።

ኤሌክትሪክ ስቶቭ ብቻ ያለው ሰው እያዘዋወረ ይሥራ። መሐሉ ይሟሻል፣ ዳሩ ይዘገያል። ለዕለት ሥራ በቂ ነው።

ከተሟሸ በኋላ

መጀመሪያ ዘይት የሚወድ ነገር ሥሩበት። ድንች፣ ሳምቡሳ፣ ጨጨብሳ። እንቁላል በሁለተኛው ሳምንት። አንድ ወር እስኪሞላው ቲማቲም፣ ሎሚና አቼቶ ይራቁት። አሲድ ገና ያልጠነከረውን ሽፋን ይበላዋል፤ ምግቡም ሳንቲም የላሱ ያህል የብረት ጣዕም ይይዛል። በደንብ ከተሟሸ በኋላም ስልስ ሠርታችሁ ወዲያው አውጡት እንጂ አታሳድሩበት። ሽሮም ቢሆን ካደረበት ይጠቁራል።

ዶሮ ወጥ? ሽንኩርቱን ማቁላላት ያምርበታል። ሦስት ሰዓት የሚፈላውን ወጥ ግን እኔ ለሸክላ እተዋለሁ። እንጀራም እንዲሁ። ሊጡ ኮምጣጣ ነው፣ ዓይኑም በሸክላ ላይ እንደሚወጣው አይወጣም። ቡና የምትቆሉበት ደግሞ ለብቻው ይሁን። ትናንት ሽንኩርት የተጠበሰበት ላይ የተቆላ ቡና፣ አቦሉን የቀመሰ እንግዳ ቶናውን አይጠብቅም።

ስለማጠብ የሚወራው አብዛኛው ተረት ነው። "ሳሙና አታስነኩት" ይባላል። ወሬው መነሻ አለው። ዱሮ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሳሙና ኮስቲክ ሶዳው ይበዛ ነበር፤ ሶዳ ደግሞ ይሄንን ሽፋን ያሟሟዋል። የዛሬ ላርጎ ግን ቅባት ነው የሚያነሳው። የተሟሸው ቅባት አይደለም፤ ቅባት መሆኑን ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ በላርጎና በስፖንጅ ፈጠን አድርጋችሁ እጠቡት።

እኛ ጋ ከሳሙና ይልቅ የሚያሰጋው አመድ ነው። ዕቃ በአመድና በአሸዋ ማሸት የለመደች እጅ ብረት መጥበሻውን ስታገኝ ነጭ እስኪሆን ነው የምትፈትገው። አመድ ራሱ እንደ ሶዳው ያለ ጠባይ አለው፣ ያሟሟል፤ አሸዋው ይፍቃል። አንዲት ዘመዳችን ከገጠር መጥታ፣ እኛን ለመርዳት ብላ፣ የአራት ቀን ሥራዬን በአሥር ደቂቃ አነጣችው። "እንዴት ነው የቆሸሸው!" አለችኝ ደግሞ። አመሰግናለሁ አልኩ። ምን ይባላል?

የተጣበቀ ነገር ካለ ደረቅ ጨውና ጠብታ ዘይት አድርጋችሁ በጨርቅ እሹት። ወይም ጥቂት ውኃ አፍልታችሁበት በእንጨት ማማሰያ ፋቅ ፋቅ። ከዚያ እሳት ላይ አድርቁት፤ ሙሉ በሙሉ። ትኩስ እያለ ሁለት ጠብታ ዘይት ቀብታችሁ ጥረጉት። ውኃ ውስጥ ማሳደር ግን ክልክል ነው። እኔ ከፍዬበታለሁ።

ለክረምት፣ ጉም በሚገባበት ቤት፣ ውስጡ ጋዜጣ ጣል አድርጉበት። ክዳን ካለው አትግጠሙት። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ይሄ ሁሉ ጭንቀት አይገባትም፤ እዚያ ወርዶ ሞቃት ነው፣ መጥበሻዋ ዓመቱን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጦ ምንም አይለው።

ከዛገስ?

የዛገ መጥበሻ አልሞተም። እናቴ ያንን ቀይ አፈር የመሰለውን የወሰደችው ወደ አመዱ ነው። የአመዱ ትክክለኛ ቦታ እዚህ ነው፤ አሮጌውን ሽፋን ማንሳት ሲፈለግ። አመድ፣ ትንሽ ውኃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ። ግማሽ ሰዓት ፈተገችው። ጥግ ጥጉ ላይ የቀረውን እኔ በአቼቶ ጨረስኩት። አቼቶና ውኃ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ አውጥታችሁ ፈትጉት፣ ካልለቀቀ ድገሙት። ረስታችሁት ብታድሩ አሲዱ ዝገቱን ጨርሶ ብረቱን ይጀምራል። ብረቱ ራቁቱን ሲቀር ግራጫ ነው። በዚያች ሰዓት ማድረቅና ዘይት መቀባት ነው፤ ቡና አፍልተን እንመለስ ካላችሁ ስትመለሱ ዝገቱ ቀድሟችኋል።

አሮጌውን ሽፋን ለማቃጠል ብሎ ጉልቻ መሐል፣ ነበልባል ውስጥ የሚወረውርም አለ። ይለቃል፣ እውነት ነው። መጥበሻውም ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ብረቱ ወደ ሰውነት ይገባል?

አዎ፣ ትንሽ ይገባል። ይሄ ደግሞ እዚሁ አገራችን ተጠንቷል። በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ምግባቸው በብረት ድስት የተሠራላቸው ሕፃናት፣ በአልሙኒየም ድስት ከተሠራላቸው ይልቅ የደም ማነሳቸው ዝቅ ብሎ፣ እድገታቸውም ተሽሎ ተገኝቷል። ኮምጠጥ ያለና ብዙ የሚፈላ ምግብ ብዙ ብረት ይወስዳል። በደንብ የተሟሸ ዕቃ ግን ያነሰ ይሰጣል፤ ሽፋኑ መሐላቸው አለና። ስለዚህ ደም ማነስ አለብሽ የተባለች ሴት መድኃኒቷን ትታ መጥበሻ አትግዛ። በተቃራኒው ብረት በሰውነቱ የሚከማችበት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጠቀምበት።

ከቆራሌው የገዛሁት መጥበሻ መጨረሻው አላማረም። ጭቃ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት። ሚስማሩ ከነጭቃው መጣ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሳነሳው የሚታይ ነገር አልነበረበትም፤ በቁልፍ መታ ባደርገው ግን ያ የደወል ድምፁ የለም። ብርሃን ላይ ሳየው ከጠርዙ ወደ መሐል የወረደ ፀጉር የመሰለ መስመር አገኘሁ። እንዲህ የሆነ ዕቃ ላይ ትኩስ ዘይት አይደረግም፤ አንድ ቀን ለሁለት ይከፈላል። ብየዳም አልሞከርኩም። አሁን ፍም ተደርጎበት ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨስበታል። እትዬ ፍልሰታ ሲገባ መጥታ አየችውና፣ የኔን መጥበሻ ዕጣን ማጨሻ አደረጋችሁት ብላ እስካሁን እንደተቀየመችን ነው።